ዘይት ነው ያልኩት ሞራ

ቢቸና ውስጥ በስሜ የሚያውቀኝ ሰው ጥቂት ነው። "ሽንት ቤቱ መጣ" ነው የሚሉኝ። ሥራዬ የአካባቢ ጤና ስለሆነ ዐሥር ዓመት ሙሉ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞርኩ ጉድጓድ አስቆፍራለሁ፤ "ከመብላታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ" እያልኩ እለፈልፋለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ቅጽል ስሙ ያናድደኝ ነበር፤ በተፈጥሮዬ ቁጡ ነኝ። ኋላ ግን ለመድኩት፤ እንዲያውም በስልክ ማንነቴን ማስረዳት ሲቸግረኝ ራሴው እጠቀምበት ጀመር።

የትውልድ አገሬ ወላይታ ነው። ያደግኩት ረቡዕና ዓርብ ከሌላው ቀን በማይለይበት ቤት ስለሆነ፣ እዚህ ስመደብ ስለ ጾም የማውቀው ሥጋ ቤት የሚዘጋበት ወቅት መሆኑን ብቻ ነበር። "ሥጋ ያማረኝ ቀን ሁሉ ጾም ነው" እያልኩ አብረውኝ ከሚሠሩት ጋር እቀልድ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን ሰዉን አውቄዋለሁ አልኩ። ምን እንደሚቀበል፣ ምን እንደማይቀበል፣ ምን ቢሉት እንደሚቆጣ ሳልጠይቀው የምመልስለት ሆንኩ። እዚህ የምጽፈው ይኸው አዋቂነቴ ያደረሰውን ነው።

ጎርፉ የመጣው ሐምሌ ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ጮቄ ተራራ ላይ ሲጥል የሰነበተው ዝናብ ወንዙን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላውና ከቢቸና ቁልቁል የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ያለችውን መንደር ጠራርጎ ሄደ። ቀን ስለነበር ሰው አልወሰደም። ቤቱን፣ ጎተራውን፣ ገና ብቅ ያለውን ጤፍ ከነአፈሩ ወሰደ። እኔን ያበገነኝ ደግሞ በእኔ ጭቅጭቅ የተቆፈሩትን ሽንት ቤቶች ሁሉ ገልብጦ በውስጣቸው ያለውን ወደ ምንጩ ይዞት መውረዱ ነበር። "አየህ፣ ድሮ እንደለመድነው ሜዳ ላይ ብንቀመጥ ኖሮ ፀሐይ ያደርቀው ነበር" አለኝ አንድ ገበሬ። ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ነገሩ እውነት ስለሆነ መልሼ ዘጋሁት።

ሰዉ ኮረብታው ላይ ባለው ትምህርት ቤት ተጠለለ። ክረምት ስለሆነ ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ። ዴስኮቹን አጋጥመው አልጋ አደረጓቸው፤ ሰሌዳው ላይ ሰኔ የተጻፈ የማባዛት ሒሳብ ሳይጠፋ በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት ስድስት ቤተሰብ ተጣብቦ መተኛት ጀመረ። የሚጠጡት ያንኑ የደፈረሰ ምንጭ ነው። ከላይ ካሉት ቀበሌዎች ተቅማጥና ትውከት መነሣቱ ይወራል። እዚያ ትምህርት ቤት ከገባ ሕፃናቱን እንደሚጨርሳቸው ለማወቅ የእኔን ያህል መማር እንኳ አያስፈልግም። ቀድሞ ሊያስቆመው የሚችል በእጄ ያለ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም እጅ መታጠብ ነው።

ሳሙናው ግን የለም። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ስለሚዘጋ የቢቸና ሱቆች መደርደሪያ ባዶውን ቀርቷል፤ ያለውም ቢሆን ቤቱን ጎርፍ የወሰደበት ሰው የሚገዛው አይደለም። መጋዘናችን ውስጥ ግን ከዓመታት በፊት ለሴቶች የሳሙና ሥልጠና ሰጥቶ የሄደ አንድ የዕርዳታ ድርጅት የተወው ኮስቲክ ሶዳ ተቀምጦ ነበር። ዘይትና ይህን ሶዳ በውሃ አዋሕደው እሳት ላይ ሲያማስሉት ይወፍርና ሳሙና ይወጣዋል፤ ሳምንት ሳይሞላው ይቆረጣል። ሥልጠናውን እኔም ወስጄ ነበር። ሴቶቹ ራሳቸው ይሥሩት፣ ይታጠቡበት፣ የተረፈውን ለገበያ ያውጡት አልኩ። አለቃዬ ሐሳቡን ወደደው። "ዘይቱን ግን እንግዲህ ራስህ ፈልግ" አለኝ።

ለወጥ የሚሆን በጠፋበት አገር ለሳሙና ዘይት ከየት ይመጣል? በዘይት ፈንታ የከብት ሞራ እንደሚሆን አውቃለሁ። ነገር ግን ፍልሰታ ከገባች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። የቢቸና ሥጋ ቤቶች እስከ ማርያም ተዘግተዋል። ሥጋ የሚሸጥበትን ቦታ ያሰብኩት ያኔ ነው፤ ሞጣ ብዙ ዘመን የኖሩ ሙስሊም ነጋዴዎች አሉ፤ የእነርሱ ሥጋ ቤት በፍልሰታም ክፍት ነው። መንገዱ የተከፈተ ዕለት ሁለት ባዶ ጆንያ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከጉንደ ወይን በኋላ ጭቃ ይዞን ወርደን ገፋን። ሞጣ ስደርስ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበርኩ።

ባለ ሥጋ ቤቱ ሸምገል ያሉ ሐጂ ናቸው። ሞራ በጆንያ እፈልጋለሁ ስላቸው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

"ለምንህ ነው?"

"ለሳሙና ነው ሐጂ። ጎርፍ ያፈናቀላቸው ሰዎች አሉ፤ በሽታ ሳይገባባቸው እጃቸውን እንዲታጠቡ ነው።"

"ክርስቲያኖች ናቸው?"

"አዎ።"

የሰቀሉትን ሞራ ማውረድ ጀመሩ። የሁለት ቀን ሞራቸውን ሁሉ ጆንያው ውስጥ ጨመሩልኝ። ለመክፈል እጄን ኪሴ ስከት ያዙኝ። "ለእጅ መታጠቢያ ገንዘብ አልቀበልም፤ ተወው። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። የኛ እርድ መሆኑን ንገራቸው። እኔ ልጄን ስድር ለክርስቲያን ጎረቤቶቼ ለብቻ በሬ ገዝቼ፣ ክርስቲያን አርዶላቸው፣ በሌላ ድንኳን ነው ያበላኋቸው። እነርሱም ሲደግሱ ለኛ እንዲሁ ያደርጋሉ። ይኸውልህ፣ ስንት ዘመን የኖርነው በመነጋገር ነው። ደብቀህ እንዳትሰጣቸው።"

"እሺ ሐጂ" አልኳቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ ግን ሳስበው ንግግራቸው የሽማግሌ ነገር ሆኖ ታየኝ። ብነግራቸው ምን እንደሚሉ እኔ አውቃለሁ። በፍልሰታ፣ ሞራ፣ ያውም በሌላ እምነት የታረደ! በእንጨት እንኳ አይነኩትም፤ ሳሙናው ይቀራል፤ ሕፃናቱ ያልቃሉ። ማንንም ሳልጠይቅ ጥያቄውንም መልሱንም ለራሴ ጨረስኩት።

ቢቸና እንደገባሁ ሞራውን በመሥሪያ ቤታችን ጓሮ በበርሜል አቀለጥኩት። ሽታውን እንዲያጠፋልኝ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጨመርኩበት፤ በነጠላ አጠለልኩት፤ ከዚያም የሚረጋው የምግብ ዘይት በሚመጣባቸው ቢጫ ጀሪካኖች ሞላሁት። ያ ዘይት በደጋ አገር ነጭ ሆኖ እንደሚረጋ የማያውቅ የለም። ሞራውም ሲያድር እንደዚያው ነጭ ሆኖ ረጋ። በሥራዬ ኮራሁ፤ አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ይህ መኩራቴ ነው።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሴቶቹን ሰብስባ የጠበቀችኝ የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ስለ ሞራው ለእርሷም አልነገርኳትም። ከሴቶቹ መካከል ሁሉም አፍ አፋቸውን የሚያያቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ደፍተው በቤታቸው የሚኖሩ መነኩሴ ስለሆኑ "እማሆይ" ነው የሚባሉት። ልጃቸው ሥራ ፍለጋ ወጥታ አልተመለሰችም፤ አራት ዓመት የሆናትን የልጅ ልጃቸውን እርሳቸው ናቸው የሚያሳድጉ። ሕፃኗ ያገኘችውን ሁሉ አንሥታ አፏ የምትከት፣ ጭቃ የማትጠግብ ቀበጥ ነበረች።

ጀሪካኑን በቢላ ስቀደው እማሆይ ጎንበስ ብለው አዩት። አሸተቱት። በጣታቸው ጫፍ ቆንጠር አድርገው አሹት። ሌሎቹ ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ይጠብቃሉ።

"የምንድን ስብ ነው ልጄ?"

"ዘይት ነው እማሆይ። ያ የሚረጋው።"

ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። "እንግዲያው አንተ ካልክ ይሁን" አሉና ማማሰያውን ከእጄ ተቀበሉኝ።

የዚያን ዕለት ደስ የሚል ቀን ነበር፤ ይህን ካልጻፍኩ ውሸት ይሆንብኛል። ሶዳው እንዳያቃጥላቸው እየጮህኩባቸው፣ እነርሱ "ሽንት ቤቱ ዛሬ ደግሞ ወጥ ቤት ሆነ" እያሉ እየሳቁብኝ፣ እማሆይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይቀመጡ አማሰሉ። ከጎርፍ ከተረፈ ሳንቃ ሳጥን ሠርተን ገለበጥነው። ከቀናት በኋላ በሲባጎ ቆራረጥነው፤ ቢጫ ቢጤ፣ ሻካራ፣ ግን አረፋው የሚያስደንቅ ሳሙና ሆነ። በየክፍሉ ደጃፍ በምስማር የተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ በእንጨት ላይ አንጠለጠልን፤ ከአጠገቡ ሳሙናውን በገመድ አሰርን።

ምን ያህል ጊዜ መታጠብ እንዳለባቸው እስከ ሃያ ቁጠሩ እያልኩ ሳስተምር እማሆይ አላስጨረሱኝም። "ቁጥር ምን ያደርግልናል? አንድ አባታችን ሆይ እስኪያልቅ ነዋ!" አሉ። የልጅ ልጃቸውን እጅ በእጃቸው ውስጥ አድርገው፣ አረፋውን በጣቶቿ መካከል እያስገቡ፣ ቀስ ብለው ጸሎቱን አደረሱ። ሕፃኗ መጨረሻው ላይ "አሜን" ትልና ውሃ ይፈስላታል። በሁለት ቀን ውስጥ የትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ እንዲያ ነበር የሚታጠቡት። ዐሥር ዓመት ለፍልፌ ያላገኘሁትን አንዲት መነኩሴ በአንድ ቀን ፈጸሙት። ምግብ ሲደርስ ከየደጃፉ ጸሎቱ ይሰማል፤ ከሌሎቹ ቀበሌዎች በሽታው ሲሰማ እዚያ ትምህርት ቤት አልገባም።

ማርያም ልትውል ሁለት ቀን ሲቀራት ቢቸና ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የሞጣው ሐጂ ናቸው።

"እንዴት ሆነ ሳሙናው?"

"ተሳካ ሐጂ፣ አላህ ይስጥልኝ።"

"ነገርካቸው?"

"አዎ" አልኩ።

"ምን አሉ?"

"ምንም አላሉም።"

"አልኩህ እኮ፤ ሰው ሲነግሩት ይገባዋል" አሉና ደስ ብሏቸው ዘጉ። አንደኛውን ውሸት ለሕፃናቱ ነው ብዬ ውጬው ነበር። ይሄኛውን ግን የማስጠጋበት ቦታ አጣሁ። ያን ደግ ሰው ዋሽቻቸው፣ ያችን ደግ አሮጊት ዋሽቼ፣ ምስጋና ስቀበል ልኖር ነው? ያበጠው ይፈንዳ ብዬ ተነሣሁ። ለእውነት የቆምኩ መስሎኝ ነበር፤ የሄድኩት ግን የራሴን ደረት ለማቅለል ነው።

እማሆይን ያገኘኋቸው ከባንዲራው ምሰሶ ሥር ተቀምጠው ነው። ከፋሲካ ወዲህ እንዳልቆረቡ፣ ለማርያም ሊቆርቡ እየተዘጋጁ መሆኑን ነገሩኝ። "ወንዙ ከጎደለ ተሻግሬ እቆርባለሁ። ካልጎደለም እመቤታችን ታውቃለች። አንተም እጅህ ይባረክ ልጄ፤ የዚህን ሁሉ ሕፃን ነፍስ ነው የያዝህ" አሉኝ። መመረቄ ነው የጨረሰኝ። ሞራ መሆኑን፣ ከሞጣ መምጣቱን፣ ማን እንዳረደው፣ በባሕር ዛፍ ሽታውን ማጥፋቴን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው።

እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ ገልብጠው አዩዋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጡም።

"ምነው ባልነገርኸኝ" አሉ።

"እንዴት እማሆይ? እውነቱን ማወቅ—"

"ጠርጥሬ ነበር። በፍልሰታ ያን ያህል ዘይት ማን ይሰጠዋል ብዬ ነበር። ሰው ሁሉ እየሰማ አንድ ጊዜ ጠየቅሁህ፤ ዘይት ነው አልኸኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ባንተ ላይ ሆነ። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ሕፃናቱን አጠብሁ። አሁን ግን አንስተህ እኔ ላይ ጫንኸው። ካወቅሁ በኋላ ይህን ሁሉ ጦመኛ እያየሁ ዝም ልል ነው? ቆብ የደፋሁ ሰው ነኝ እኮ።"

ሸክሜን አራገፍኩ ብዬ ያራገፍኩት አሮጊት ትከሻ ላይ መሆኑን ያኔ እንኳ በደንብ አልገባኝም። የገባኝ እማሆይ ተነሥተው ለሰዉ ሊነግሩ ወደ ክፍሎቹ ሲሄዱ ነው።

ጩኸት አልነበረም። ሰዉ በየደጃፉ የታሰረውን ሳሙና እየፈታ አምጥቶ ባንዲራው ሥር ከመረው። ጤና ኤክስቴንሽኗ አጠገቤ ቆማ ታለቅሳለች። አንዲት እናት ስታልፍ "ሐጂውን አንጠላቸውም፤ ነጻ ነው የሰጡ። አንተ ግን ምነው?" አለችኝና አልፋ ሄደች። ንዴቴ ያኔ ነው የመጣው። ሁልጊዜ ማፈር ሲገባኝ የሚመጣልኝ ንዴት ነው።

"የሱቁስ ሳሙና ከምን የተሠራ ይመስላችኋል? እርሱም ሞራ አለበት! ዕድሜያችሁን ሙሉ ስትታጠቡበት ኖራችኋል!" ብዬ ጮህኩ።

"ያላየሁትን አላውቅም" አሉ እማሆይ በዝግታ። "ያየሁትን ግን እንዴት አላየሁም ልበል? የንስሐ አባታችን ወንዝ ማዶ ናቸው፤ ስልክም የላቸውም። እርሳቸው ይምጡና ታጠቡ ካሉን እንታጠባለን፤ ተዉ ካሉንም እንተዋለን። እስከዚያ አንነካውም።"

ወንዙ ሞልቷል። ላይ ድረስ ወጥቶ በድልድዩ ለሚዞር ሰው ግን የአንድ ቀን መንገድ ነበር። እኔ እግረኛ ነኝ፤ ያን መንገድ ስንት ጊዜ ለሽንት ቤት ቆጠራ ተመላልሼበታለሁ። ዞሬ ሄጄ ቄሱን ልጠይቅላቸው እችል ነበር። አልሄድኩም። ቄሱ ምን እንደሚሉ አውቃለኋ! ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ቦርሳዬን አንግቤ ቢቸና ገባሁ። አራት ቀን ሙሉ አኩርፌ ቤቴ ተቀመጥኩ። በዓሉ ሲውል የከተማው ሥጋ ቤቶች ተከፈቱ፤ ሄጄ ጥሬ ሥጋ በላሁ። ይህንንም እጽፈዋለሁ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጤና ኤክስቴንሽኗ ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥታ ደወለችልኝ። "ገብቷል" ብቻ ነው ያለችው። ኦ.አር.ኤስ እና ግሉኮስ በካርቶን አሸክሜ ወረድኩ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ሁለት ክፍል ሙሉ ሰው ተኝቷል። ጠርሙሶቹ እንደተንጠለጠሉ ናቸው፤ ሰዉ በባዶ ውሃ እጁን እያረጠበ ሲበላ ሰንብቷል። አብዛኞቹ ኦ.አር.ኤሱን ሲጠጡ ነፍስ ዘሩ። የእማሆይ የልጅ ልጅ ግን የሰጠናትን ሁሉ መለሰችው። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገብተዋል፤ ቆዳዋን ቆንጠጥ ሳደርገው እንደተቆነጠጠ ይቀራል። በቃሬዛ አድርገን ወደ ቢቸና ሆስፒታል ተሯሯጥን። እማሆይ ከኋላችን ይከተላሉ። ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ የከተማው ቆርቆሮ መታየት ሲጀምር፣ ከፊት የተሸከመው ሰው ቆመ። "ቀልላለች" አለ። አውርደን አየናት።

ከውሃው ይሁን ከእጇ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ሥራዬ ግን ይህንኑ ማወቅ ነው፤ በልቤ የማምነውንም አምናለሁ።

በማግስቱ ወንዙ ጎድሎ ነበር። ገመድ ወጥረን ትንሿን አስከሬን ይዘን ተሻገርን። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የንስሐ አባታቸው ተቀበሉን፤ ከእኔ በዕድሜ የሚያንሱ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ቄስ ናቸው። ፍትሐቱ አልቆ አፈሩ ሲመለስ ሁሉም አባታችን ሆይ አደረሰ። እኔ የማውቀው ጸሎት ስለሆነ አብሬ አልኩት። መሀል ላይ ስደርስ እጆቼ እርስ በርሳቸው እየተፋተጉ መሆናቸውን አየሁ። እማሆይም አይተውኛል። "አሜን" ሲባል የሚፈስ ውሃ አልነበረም።

ከቀብር በኋላ ቄሱ ሰዎቹን ምን እንደነካቸው ጠየቁ፤ እማሆይ ከሥር ጀምረው ነገሯቸው። ቄሱ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"እማሆይ፣ ሳሙና መብል ነው እንዴ? እጅ አይጦም። ታጠቡበት። እስኪያልቅ ታጠቡበት" አሏቸው። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "አንተስ? ሞራውን ከማቅለጥህ በፊት ለምን መጥተህ አልጠየቅኸኝም? ያን ጊዜ እኮ ወንዙን ሰው ይሻገረው ነበር። ሰዉንም ራሴ መጥቼ እነግረው ነበር።"

ይህችን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኳትም። መልሷን አውቀዋለሁ፤ ግን ለቄስ የሚነገር አይደለም። ቄሱንም ሰዎቹንም አልጠየቅኋቸውም፤ ምክንያቱም እንቢ የሚሉ አላዋቂ አድርጌ ነበር የማያቸው። ከልቤ እወዳቸው ነበር፤ እንደ ሰው ግን አልጠየቅኋቸውም። ሐጂው ንገራቸው ብለውኝ ነበር፤ የእርሳቸውንም ምክር በዚያው ዓይን ነበር ያየሁት።

ትምህርት ቤቱ ተመልሰን የልቅሶው ንፍሮ ሲቀርብ እጅ ማስታጠቢያ ዞረ። ተራው ሲደርሰኝ ውሃውን የያዙት እማሆይ ራሳቸው ሆኑ። ከመቀመጫዬ ልነሣ ስል "ተቀመጥ" አሉኝ። እጄ ላይ ውሃ አፈሰሱልኝ። ሳሙና አልነበረም፤ የቄሱ ፈቃድ ከተሰማ በኋላም ያን ክምር የነካው የለም። "እማሆይ፣ ቄሱ እኮ ፈቅደዋል" አልኳቸው በቀስታ።

"ስቡን እርሳቸው ፈቀዱልን" አሉኝ። "አንተን እንዴት አድርገን እንመን?"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ጠራ፤ ጠርቶም ማንን እንደጠቀመ እንጃ። ሳሙናው ባንዲራው ሥር ዝናብ ሲመታው ሰነበተና ነጭ አረፋ ሆኖ ወደ ታች ወረደ። የተረፈው ሶዳ አሁንም መጋዘን አለ። ለሞጣው ሐጂ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። "ኢና ሊላሂ" ብለው የሐዘን ቃላቸውን ተናገሩና ስልኩን ዘጉት። ከዚያ በኋላ ደውለውልኝ አያውቁም። ዝውውር ጠይቄ ነበር፤ አልተፈቀደልኝም፤ ስለዚህ እዚያው ሰው መካከል "ሽንት ቤቱ" እየተባልኩ እኖራለሁ። አሁን ሲጠሩኝ አይስቁም።

ዘንድሮ ክረምት ውሃው እንደገና ወጣ። እንደ ያኔው ባይሆንም ዝቅ ያሉትን ቤቶች ወሰደ፤ ሰዉም ወደዚያው ትምህርት ቤት ወጣ። በዚህ ጊዜ ከፋብሪካ የመጣ፣ በወረቀት የታሸገ ሳሙና በካርቶን ይዤ ሄድኩ። እማሆይ ጎብጠዋል፤ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰዉ ከኋላቸው ቆሞ ይጠብቃል። አንዱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ልክ እንደ ያኔው አገላብጠው አዩት፤ አሸተቱት።

"ከምንድን ነው የተሠራ ልጄ?"

ወረቀቱን አነበብኩት። ስለ መልካም ሽታው እንጂ ከምን እንደተሠራ አልጻፈም።

"አላውቅም እማሆይ" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይህችን ቃል ያን ጊዜ ብታውቃት ኖሮ" አሉና ሳሙናውን መዳፌ ላይ መለሱልኝ፤ ጣቶቼንም ራሳቸው ዘጉልኝ። "እኔ ከእንግዲህ እጇን የማጥብላት ልጅ የለችኝም። ለባለ ልጆቹ ስጣቸው።"

ወደ ባለ ልጆቹ ዞርኩ። የእማሆይን እጅ ሲያዩ ነበር፤ መመለሱን አይተዋል። አንድም ሰው እጁን አልዘረጋም። ምሳ ደርሶ ስለነበር ልጆቹ በየደጃፉ መብላት ጀምረዋል። ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ተሸክሜው ወደ ቢቸና ተመለስኩ።